የተረፈው ጸበል

የበደለችኝ የመዝገብ ቤቷ ሴት ናት። የበደለችኝም መሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያውን ኮምፒዩተር ባገኘበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰኞ ቀን ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሕንፃው ፈርሷል፣ ከሰዎቹም ብዙዎቹ አፈር ሆነዋል። እሷ ግን አለች። እዚሁ የካ ውስጥ፣ ከእኔ ቤት ቁልቁል ሲወረድ፣ አስፋልቱ ጋ ሳይደረስ ነው ቤቷ።

ዛሬ ጠዋት የራሴ ኮምፒዩተር አልነሣም አለኝ። ማስነሻውን ስጫነው ማራገቢያው ዞረ፣ አረንጓዴዋ መብራት በራች፣ ስክሪኑ ግን እንደ ጠቆረ ቀረ። ደግሜ ተጫንኩት፤ ያው ነው። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ፊቴን አየሁት፤ ከፊቴ ኋላ ማንም ያልተቀመጠበት ሶፋ ይታያል። ሌላ ሰው ቢሆን ልጁን ይጠራል። እኔ መፍቻ አመጣሁና የጎኑን ክዳን ፈታሁት። ከውስጡ የሞቀ ብረትና የቆየ አቧራ ሽታ ወጣ። ይህን ሽታ ባሸተትኩ ቁጥር ያቺ ሰኞ ትመጣብኛለች።

ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ታይፒስት፣ ያውም በኮንትራት። ኮንትራት ማለት ወንበሩ የአንቺ ሳይሆን መቀመጥ ማለት ነው። ሌሎቹ ሁሉ ቋሚ ነበሩ። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ «ቋሚ ሆንሽ ወይ?» ትለኝ ነበር፤ የእግዜር ሰላምታ ይመስል። ኃላፊያችን ኮምፒዩተሩን የለመደችው ቋሚ ትሆናለች ብሎ በሰው ፊት ተናግሯል። ያን ጊዜ አንቱ ነበር የምለው። ዛሬ እሱ እለዋለሁ፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል።

ኮምፒዩተሩ የገባባት ክፍል በመስታወት የተከፈለች ጠባብ ክፍል ነበረች። እዚያ ጫማ አውልቆ ነበር የሚገባው። አቧራ ጠላቱ ነው ተብለን ስለነበር ከኃላፊው ጀምሮ ሰው ሁሉ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ክሩን ይፈታል። የማን ካልሲ እንደተቀደደ፣ የማን ተረከዝ እንደተሰነጠቀ ያወቅነው በዚያ ዓመት ነው። ዕቃው ጠፍጣፋ ሳጥን ሆኖ ስክሪኑ ከላዩ ተቀምጦ ነበር። ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም ዳንቴል በሚለብስበት አገር ኮምፒዩተር ራቁቱን ሊቀመጥ አይችልምና የመዝገብ ቤቷ በእጇ ዳንቴል ሠራችለት፤ ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ፣ ከስክሪኑ አናት እስከ ጠረጴዛው የሚወርድ። ማታ አለብሰዋለሁ፣ ጠዋት አወልቅለታለሁ። አንዳንዴ ሳወልቅለት ደህና አደርክ እለው ነበር።

እሷና እኔ ከሥራ ስንወጣ አብረን ነበር ዳገቱን የምንወጣው። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ባልና ልጆች ነበሯት፣ ባሏ ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀምጦ ነበር። ከዝናብ በኋላ የባሕር ዛፉ ሽታ ከእንጦጦ ወደ ታች ይወርዳል። እሷ ቅጠል ቆርጣ በመዳፏ ታሸውና አፍንጫዬ ሥር ትይዘዋለች፤ «ሳቢው፣ ያ ዕቃሽ አፍንጫሽን አድርቆታል» እያለች።

«ቋሚ ስትሆኚ እኔን ትረሺኛለሽ» ትለኛለች። «ፋይል ተሸካሚ ታደርጊኛለሽ።»

«አሁንስ ምን እየሠራሽ ነው?»

«አሁንማ በክብር ነው የምሸከመው!»

ትስቅ ነበር፤ ስትስቅ ክንዴን ጨብጣ ነው። ከእሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ነገሩ እንዲገባ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ተፈቅዶልኝ ጉርድ ሾላ የኮምፒዩተር ትምህርት እሄድ ነበር። አስተማሪያችን ትዕግሥት የሌለው ሰው ነበር፤ ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል። «አልነሣም ካለ ከግድግዳው ጀምሩ» ይል ነበር። «ከግድግዳው ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ሂዱ። ወዲያው ሆዱን አትክፈቱ።» እስከ ዛሬ የምሠራው እንደዚያ ነው። ዛሬ ጠዋትም ከግድግዳው ጀመርኩ። ሶኬቱ ደህና፣ ገመዱ ደህና፣ የስክሪኑ ሽቦ ጠበቅ ያለ ነው። ስለዚህ ችግሩ ውስጥ ነው።

በዚያች ሰኞ ከሁሉ በፊት ነበር የገባሁት። ሌሊቱን ዘንቦ ከቆርቆሮው ጠርዝ ጠብታው ገና ይወርድ ነበር። በመስታወቱ በኩል የገባው ብርሃን ወተት የተቀላቀለበት ውሃ ይመስላል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ዳንቴሉን ሳነሣው ከበደኝ። እርጥብ ነበር። ጣሪያው አፍስሶ ነው ብዬ ቀና ብዬ አየሁ፤ ኮርኒሱ ደረቅ ነው፣ አንዲት እድፍ እንኳ የለበትም። ዳንቴሉን ወንበር ላይ አስጥቼ ማስነሻውን ተጫንኩ። ጠቅ አለ። ከዚያ ምንም። ቆይቶ ፀጉር እሳት ሲነካው የሚሸተው ዓይነት ሽታ መጣና ሮጬ ከግድግዳው ነቀልኩት።

እንደተማርኩት ጀመርኩ። ሶኬቱ ላይ የጠረጴዛ መብራት ሰካሁበት፤ በራ። ስታቢላይዘሩን አየሁት፤ መርፌዋ ቦታዋ ላይ ናት። ገመዱን በሌላ ለወጥኩ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ከጠረጴዛው ሥር ስርመሰመስ የመዝገብ ቤቷ ነጠላዋን እያራገፈች፣ በባዶ እግሯ ገባች።

«ምነው መሬት ወረድሽ? ስእለት አለብሽ?»

«አይነሣም።»

«ማን?»

«እሱ ነዋ! ሞቷል።»

«ኧረ በስመ አብ በይ! እንዴት ይሞታል? ቅዳሜ ጸበል አስነክቼው?»

ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ አየኋት። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር፤ ስጦታ ሰጥታ ምስጋናዋን የምትጠብቅ ሰው ደስታ። ከዚያ ነገረችኝ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጭቃውን እየረገጠች እንጦጦ ወጥታለች። የወጣችውም ለእኔ ነው፤ የትምህርቱ ማብቂያ ፈተና ደርሶብኝ ነበርና። ጸበሉን በጀሪካን ይዛ ሥራ ስትገባ ሁሉም እኛንም አትርሺን አሏት። በሩን ረጨች፣ ጠረጴዛዎቹን ረጨች፣ የጽሕፈት መኪናዎቹን ረጨች። ገንዘብ ያዧ ካዝናዬንም ብላ ጎትታ ወሰደቻት። ኃላፊው ባርኔጣውን አውልቆ አናቱን ዝቅ አድርጎ ሰጥቷታል።

«ከዚያ ተረፈ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ጸበሉ ነዋ። መሬት አይደፋ ነገር፣ ሰው ይረግጠዋል። ቤት ልመልሰው ስል ኃላፊው፣ ‹አዲሱ ዕቃ ዓይን በዝቶበታል፣ እሱ ላይ ጨርሺው› አለኝ።»

«ዳንቴሉን አንሥተሽ?»

«ዳንቴሉን ለምን አነሣዋለሁ? እላዩ ላይ ነዋ!»

ይህን ስትል ሁለታችንም ሳቅን። ይገርማል፤ እስከ ዛሬ ያ ሳቅ ነው የሚያመኝ። አፋችንን በእጃችን ይዘን፣ እኔ መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ፣ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ቀድማ ያቆመችው እሷ ናት።

«ጸበሉ ነው እንዴ ያበላሸው?» አለች።

«ውሃ ነው ያበላሸው።»

«ተይ እንዲህ አትበይ።»

«እሺ፣ አልልም። ግን ምን ይባላል?»

ነጠላዋን አጣፋች። ቀስ ብላ ተናገረች፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «የሚጠግነው ሰው ይምጣና ይየው። ከዚያ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ሁሉም ነበሩ፣ ኃላፊውም ነበረ። አንቺ ብቻ ዝም በይ። አንቺ ከተናገርሽ በጸበል አላከከች ይሉሻል።»

ልክ ነበረች። እኔ ቅዳሜ አልነበርኩም፤ ያላየሁትን ልመሰክር አልችልም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ያመንኳት በሞኝነት አይደለም። ዳገቱን ስንወጣ ክንዴን የምትይዝ ሰው ናት፤ ማንን ላምን ኖሯል?

ጠጋኙ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። የሠራተኛው ሁሉ ጫማ በር ላይ ተከምሮ ሰዉ መስታወቱን ተጠግቶ ቆመ፤ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ጠጋኙ ስክሪኑን አውርዶ የሳጥኑን ክዳን ፈታ። ውስጡ ያለችው አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ነጭ ነጭ የደረቀ ነገር ነበር፤ ድስት ላይ ውሃ ተንኖ የሚቀረው ዓይነት። ከጥጉ ደግሞ ያልደረቀ ጠብታ አለ። በጣቱ ነክቶ አሳየን።

«ውሃ ጠጥቷል» አለ። «ማነው እንዲህ የጠማው መስሎት ያጠጣው?»

ማንም አልሳቀም።

«ውሃ?» አለ ኃላፊው፤ ቃሉን ያን ቀን ገና የሰማው ይመስል። «ውሃ ከየት መጥቶ?»

ገንዘብ ያዧ ጥፍሮቿን ታይ ነበር። ዘበኛው ወደ ጣሪያው አየ። እኔ የመዝገብ ቤቷን አየሁ። ኃላፊውም እሷን ነበር የሚያየው፤ ይህን በደንብ አስተውያለሁ። የሚጠይቅ ዓይን አልነበረም፤ ምን እንድትል እንደሚፈልግ የሚነግር ዓይን ነው። ለበላይ መልስ መስጠት ነበረበት። እሷ ደግሞ ባሏ ሥራ አልነበረውም።

«ሻይ ታስገባ ነበር» አለች፤ ወደ መሬት እያየች። «እኔ እንኳ ተይ ብያታለሁ።»

ሻይ ታስገባ ነበር ብላ ብታቆም ኖሮ ምናልባት በጊዜ ብዛት ይበርድልኝ ነበር። ፈርታ ነው እል ነበር። «ተይ ብያታለሁ» ያለችው ግን የራሷ ነው፤ ማንም አልጠየቃትም። በአንድ ትንፋሽ እኔን ጥፋተኛ፣ ራሷን መካሪ አደረገች። ደግሞስ ጫማዬን አውልቄ በምገባበት ክፍል ሻይ ላስገባ? ሻይ ስኳር አለው፣ ያጣብቃል። ያ ሰሌዳ አያጣብቅም ነበር። ጠጋኙም ይህን ያውቃል፤ ግን መፍቻዎቹን እየሰበሰበ ነበር፤ ሌላ ቦታ ይጠብቁት ነበር መሰለኝ።

«ጸበል ነው» አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ። «ቅዳሜ እላዩ ላይ ያፈሰሳችሁት ጸበል ነው። እርስዎ ጨርሺው ብለዋት ነው።»

ሴቶቹ እግዚኦ አሉ። ገንዘብ ያዧ አማተበች፤ ካዝናዋን ያስረጨችው ራሷ ገንዘብ ያዧ። ኃላፊው ግን አልተቆጣም። የሚያዝን ሰው ፊት አደረገና፣ «ልጄ» አለኝ፣ «ጥፋትሽን በጸበል አታላክኪ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጸበል ሲያድን እንጂ ሲያበላሽ አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ ሰው ሁሉ ጫማውን እየፈለገ ተበተነ። እሷም ጫማዋን አደረገች፤ ጎንበስ ብላ ክሩን አሰረች። ቀና ብላ አላየችኝም። ወንበሩ ላይ ያሰጣሁት ዳንቴል ግማሹ ደርቋል።

ኮንትራቴ አልታደሰም። የመጨረሻዬ ቀን ዕቃዬን ይዤ በመዝገብ ቤቱ በር ሳልፍ በሩ ተዘግቷል። ውስጥ ወረቀት የምትበሳበት ብረት ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ቆምኩ። እኔም ስቆም ድምፁ ቆመ። ከበሩ ወዲያ ቆማ እንደምትሰማኝ አውቅ ነበር፤ እሷም ማን እንደቆመ ታውቃለች። ከዚያ እንደገና ጠቅ ማለት ጀመረ። ሄድኩ።

እናቴ እንደ ወትሮዋ ጠየቀችኝ። ሥራው አለቀ አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲያ አልጠየቀችኝም።

ለጥቂት ጊዜ አመሻሽ ላይ ዳገቱ መታጠፊያ ላይ ቆሜ ጠብቄያታለሁ። ልጣላት አልነበረም። ትምጣና አንዲት ቃል ትበለኝ ብዬ ነው። አንድ ቀን ከታች ስትመጣ አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ዝናቡ ሊጥል ደመናው ወርዶ ነበር። ጥላዋን ዘረጋች፣ ፊቷን ጋረደችበትና በሌላው መንገድ፣ በድንጋያማው በኩል ዞራ ወጣች። ከዚያ በኋላ አልጠበቅኳትም።

ሲግናል አካባቢ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ የጽሕፈት መኪና ይዤ ተቀመጥኩ፤ ማመልከቻ ለሚያስጽፍ ሰው እጽፍ ነበር። ቆይቶ ኮምፒዩተር ገዛሁ። ሲበላሽብኝ የሚጠግንልኝን ማስገባት አልወድም ነበር፤ ሰው መጥቶ ክዳን ከፍቶ «ማነው?» ሲል መስማት አልፈልግም። ስለዚህ ራሴ ለመድኩ። አላገባሁም። ስለዚያ እዚህ አልናገርም።

ዛሬም ራሴው ጨረስኩት። ሜሞሪ የሚሏትን ቀጭን ሰሌዳ ከቦታዋ ነቅዬ ወርቃማውን ጥርሷን በላጲስ ፈተግኩላት፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጌ መለስኳት። ጠቅ ብላ ገባች። ማስነሻውን ስጫን ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ያቺን አጭር ዜማውን አሰማኝ። «ተነሣ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ድምፄ ወጥ ቤቱ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነበር።

እሷ አንድ ጊዜ መጥታለች። ያለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል። ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ አርጅቷል፤ አወቅኩት ግን። በሩን ከፈትኩ። ዳገቱ አድክሟት ቆርቆሮውን ተደግፋ ትተነፍሳለች። ፀጉሯ ከሻሿ ሥር ነጭ ሆኗል፣ ቁመቷ አጥሯል።

«ግቢ አትይኝም?»

«እዚሁ ንገሪኝ።»

ትንፋሿን ሰበሰበች። «የንስሐ አባቴ፣ ከተጣላሻት ሳትታረቂ አትቆርቢም አሉኝ።»

«እሳቸው ባይሉሽ ኖሮስ?»

ከላይ በኩል ነፋሱ በባሕር ዛፉ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማል።

«ባይሉኝ አልመጣም ነበር» አለች። «ፈርቼሽ ነው። ያን ጊዜ ኃላፊውን ፈራሁ፤ ከዚያ ወዲያ የፈራሁት አንቺን ነው። በዚህ በር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ።»

የበሩን ብረት ያዝኩ።

«ልጆች ነበሩኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ያን ቅዳሜ የወጣሁት ላንቺ ብዬ ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት። የሚባለው ይህ ነው፤ አልኩት።

ከዚህ በኋላ ሰው ይሳሳማል። የተጣላ ሰው ሲታረቅ ጉንጭ ለጉንጭ ይነካካል፣ ገብቶ ይቀመጣል፣ ያለውን ይቀምሳል። እሷም ይህን ጠብቃ ፊቷን ቀና አድርጋ ሰጠችኝ። ዓይኖቿን ጨፍና ነበር። ጉንጯ ላይ ያቺ ስትስቅ የምትሰረጉድ ቦታ አሁን መስመር ሆናለች። እጄ የበሩ ብረት ላይ ነበር። አላነሣሁትም።

ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። «እሺ» አለች፤ ዞረች። ዳገቱን ስትወርድ በአጥሩ ቆርቆሮ ላይ እጇን እያስደገፈች ነበር፤ ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሲሄድ ቆሜ ሰማሁት።

በዚያው እሑድ ቆረበች አሉ። እኔ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ቤት ውዬ ልብስ አጠብኩ።